የስመኝ ብስክሌትና የእኔ አረብኛ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቴ መታወቂያዬን ተቀብሎ በጡረታ አሰናበተኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አለቃዬ፣ ልጄ የምትሆን ግብፃዊት ጠበቃ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አማርኛ እንድናገርበት ጠየቀችኝ። ተናገርኩ። ስልኩ በአረብኛ ሲመልሰው አብረን ሰማን። «እንዴት ነው ኡስታዛ ዘውዴ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። እውነትም ደህና ነበር። ካልኩት ከአሥሩ ስምንቱን አግኝቶታል። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የማሰላስለው የቀሩትን ሁለቱን ነበር። እኔ በካይሮ የሠራሁት ሥራ ሁሉ እነዚያ ሁለቱ ውስጥ ነበርና።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ቤት ልሠራ ነው። የጉለሌ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ከካይሮ ወጣ ብሎ ሸይኽ ዛይድ፣ አጥር ግቢ ውስጥ ነበር። አረብኛን ያስተማሩኝ የእመቤቲቱ እናት ናቸው። ባሚያ እየቀነጠስን፣ ሩዝ እየለቀምን፣ አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ይነግሩኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ ይገባኛል። ኋላ አንዲት የአገሬን ልጅ ታማ ክሊኒክ ወስጄ ባስተረጉምላት ሐኪሙ እሷን አክሞ ሲሸኝ እኔን «ነገም ነይ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ። ደመወዙ ከቤት ሥራው ያንስ ነበር፤ ግን ወንበር ነበረው።

በዚያ ክሊኒክ ከእኔ በፊት የነበሩት አስተርጓሚ ጋሽ ይልማ ናቸው። በአገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በፖለቲካ ተሰደው ፋይሰል ጎዳና ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ አቀማመጥ ነው። «ከበሽተኛዋ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተቀመጪ። ሐኪሙ እሷን ይይ። አንቺን ካየ አንቺን ነው የሚያክመው» አሉኝ። ቀጥሎ «እሷ እንዲህ ትላለች» ማለትን ከለከሉኝ። እሷ «አመመኝ» ካለች እኔም «አመመኝ» ነው የምለው። መጀመሪያ አፈርኩ። አንድ ቀን ወንድ በሽተኛ ያለውን እንዳለ፣ በወንድ አንደበት፣ በአረብኛ ስናገር ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ይልማ ግን አልሳቁም።

ቁጥር ከሆነ በወረቀት ይጽፋሉ። ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ የእኛን በግራ፣ የእነሱን በቀኝ። «ሁለት ሰዓት ና» የተባለ የአገሬ ሰው ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሐኪሙን ሲጠብቅ ውሎ በእነሱ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ስምንት ሊሆን ሲል ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስንቱን አይተናል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለችውን ልጅ አንድ ሌላ ሰው ቃል በቃል ተርጉሞላት የልብ ምርመራ ተልካ ነበር። ቃር ነበር የያዛት። ጋሽ ይልማ እንዲህ ያለ ሁለት መልክ ያለው ቃል ሲመጣ እጃቸውን ከፍ ያደርጉና ሐኪሙን ፈቃድ ጠይቀው ወደ ባለቤቱ ዞር ይላሉ። «የቱን ማለትሽ ነው?» ይላሉ። ሐኪሙ ቢቸኩል፣ ወረፋው ቢረዝም፣ ይህን ሳያደርጉ አንድም ቀን አላየኋቸውም። ሥራው ሲያልቅ የጻፉበትን ወረቀት ቀዳደው ይጥላሉ። ከዚያ ሚክሮባስ ከመሳፈራቸው በፊት አንድ ፌርማታ በእግራቸው ይሄዳሉ። «የሰውን ጉዳይ ቤቴ ይዤ እንዳልገባ ነው» ይሉ ነበር።

ከክሊኒኩ በኋላ ለስደተኞች የሕግ ምክር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ገባሁ። እዚያ ነው እስከ ጡረታዬ ድረስ የቆየሁት። የኪራይ ጠብ፣ የልደት ወረቀት፣ ያልተሰጠ ፓስፖርት፣ እነዚህ ናቸው የዕለት ሥራዎቼ። የፍጥነት ሕግ የሚባል ነገር ሥራዬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኔ ራሴ ከቡላቅ አል-ዳክሩር በሚክሮባስ ስመላለስ ሹፌሩ ካዘገመ «ያ ኡስታ፣ ረፈደብን እኮ» ከሚሉት አንዷ ነኝ። ቀለበት መንገዱ ላይ ከፊት የሚመጡት መኪኖች መብራት ብልጭ ካደረጉ ራዳር አለ ማለት ነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ያበርዳል፤ ራዳሩን ሲያልፍ መልሶ ይለቀዋል። እኛ ተሳፋሪዎቹ ይህን እንደ ሙያ ነበር የምናደንቅለት።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ መጣ። ምግብ የሚያደርሱት ጀመሩት፤ ቀጥሎ ጥበቃዎቹ፣ አትክልተኞቹ፣ የእኛ ሴቶችም ያዙት። ሸይኽ ዛይድ ከትልልቆቹ ግቢዎች በአንዱ ከበሩ እስከ መጨረሻው ቪላ በፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሚክሮባስ አይገባም። በቀን ሁለትና ሦስት ቤት የምታጸዳ ሴት በዚያ መንገድ እግሯ ያልቃል። ብስክሌቱ ሲበዛ የግቢው አስተዳደር ሕግ አወጣ። ብስክሌት በሰዓት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም። የጣሰ ብስክሌቱ ይያዛል፤ መግቢያ ካርዱም ይነጠቃል። ብዙዎቹ ሠራተኞች አረብኛው ስለማይገባቸው እንዳስረዳ መሥሪያ ቤቴ እኔን ላከ።

ስብሰባው የጥበቃዎቹ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። የግቢው ጸጥታ ኃላፊ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ጨዋ ሰው። ሕጉን አነበቡ፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩ። አንድ አትክልተኛ እጁን አወጣ።

«መኪኖቹስ? አርባ የሚል ሰሌዳ ቆሞላቸው በሰማንያ ነው የሚያልፉኝ» አለ።

ተረጎምኩ። ኃላፊው አላኮረፉም። «መኪናው የነዋሪ ነው። ነዋሪን የምመክረው በደብዳቤ ነው» አሉ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ሴት፣ የጽዳት ባልዲዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ «እንግዲያማ ሕጉ የወጣው ለፍጥነት ሳይሆን ለእኛ ነው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስተረጉመው ኃላፊውም ፈገግ አሉና «ማሌሽ» አሉ፤ ግድ የለም፣ አይዞሽ እንደ ማለት ነው። «ሕጉ ግን ይኸው ነው።»

ሴትዮዋ ስመኝ ትባላለች፤ የጎጃም ልጅ ናት፣ የዳንግላ። ከስብሰባው በኋላ ብስክሌቷን አሳየችኝ። ባልዲው የሚቀመጥበት ብረት ከኋላ አስበይዳለች፣ መጥረጊያው በጎን ይታሰራል። ያላስበየደችው ነገር አልነበረም። አራት ቤት ነበራት። «ምግብ አድራሾቹ ፍጥነት የምትገድበውን ሽቦ ቆርጠው ይጥሏታል» አለችኝ። «እኔ አልነካኋትም። በሃያም ቢሆን ከእግሬ ይሻላል፣ እትዬ።»

ከስብሰባው ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። አንድ ጠዋት ኃላፊው መሥሪያ ቤቴ ደወሉ። ስመኝ አንዲት አሮጊት ነዋሪ ገጭታ ክንዳቸውን ሰብራለች፤ ቃሏን እንድትሰጥ አስተርጓሚ ይላክ አሉ። እኔ ተላክሁ።

ያን ቀን አረፈድኩ። መንገዱ ተዘግቶ ሹፌሩን ስነተርከው ቆይቼ ግቢው ስደርስ ኃላፊው ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ስመኝ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ይጠብቁኝ ነበር። ከሰዓት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ጋሽ ይልማ ቃል ከመሰጠቱ በፊት ባለጉዳዩን ለብቻው አምስት ደቂቃ ያናግሩት ነበር። አነጋገሩን፣ የአገሩን አባባል ለመልመድ ነው። እኔ ያን አምስት ደቂቃ አልወሰድኩም። ቦርሳዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው ከአንድ ማታብ ማዶ ነው፤ ማታብ የሚሉት መኪና ለማብረድ መንገድ ላይ የሚሠሩትን ጉብታ ነው። ካሜራው በሩን እንጂ ያንን ስፍራ አያይም። ኃላፊው ጠየቁ፣ እኔ አስተላለፍኩ።

«ሐጋን ስታያቸው ምን አደረግሽ?» አሉ፤ ሐጋ አሮጊቶችን በክብር የሚጠሩበት ነው።

ስመኝ ሁለት እጇን እንደ መሪ ጨበጠች። «እኔስ ፈጥኜ ነበር» አለች። «ግን እሳቸው ቀደሙኝ።»

እኔ በአረብኛ «በፍጥነት እየሄድኩ ነበር፤ እሳቸው ከፊቴ ገቡ» አልኩ።

ኃላፊው ብዕራቸውን አቁመው ቀና አሉ። «በፍጥነት?» አሉ፣ በአረብኛ። «ሱርዓ?»

«አይዋ፣ ሱርዓ» አልኩ፤ አዎ፣ በፍጥነት። ይህን ሳልጠይቃት፣ ከራሴ ነው የመለስኩት።

ጻፉ። ስመኝ በማታነበው ጽሑፍ ሥር በአማርኛ ፈረመች። ከሥሯ እኔ ፈረምኩ። ከመግባቴ እስከ መውጣቴ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ብስክሌቷ ተይዛ ስለነበር ስመኝ ባልዲዋን አንጠልጥላ እስከ በሩ አብራኝ በእግሯ መጣች። እየሄድን «እትዬ፣ ፍሬኑን እንዲያ ፈጥኜ ባልይዘው ኖሮ እኮ ሴትዮዋን እገድላቸው ነበር» አለች። «ኃላፊው ይህንን ሲሰማ እንኳ ፊቱ አልተፈታም።»

እግሬ ቆመ። «ፈጥኜ ነበር» ያለችው ስለ ፍሬኑ ነው። እኔ ያልኩት ስለ መንገዱ ነው። እሷ ነፍስ ለማዳን እንዴት እንደ ቀለጠፈች ስትናገር እኔ በአፏ ጥፋተኛ ነኝ ብያለሁ።

ያኔ እዚያው መመለስ ነበረብኝ። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ነበሩ። ግን ሚክሮባሱ መጣ፣ ረዳቱ ጮኸ፣ የከሰዓቱ ባለጉዳይ ትዝ አለኝ። «አይዞሽ» ብያት ተሳፈርኩ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመን የተሳሳትኩት ቃል ብዙ ነው። አውቄ ትቼው የሄድኩት ግን ይህ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ስመኝ መግቢያ ካርዷን እንደ ተነጠቀች ሰማሁ። ከሥራ እንደ ወጣሁ ወደ ጋሽ ይልማ ሄድኩ። ያን ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ነበር የሚያስቸግራቸው። መስኮቱ ወደ ፋይሰል ጎዳና ስለነበር በሚክሮባሶቹ ጡሩምባ መካከል ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንዲያጽናኑኝ ነበር የመጣሁት፤ አላጽናኑኝም።

«ወረቀቱ አሁን የት ነው?» አሉ።

«ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ።»

«ካልተቀደደ ይታረማል። ለማን ነው መጀመሪያ የምትነግሪው?»

«ለኃላፊው።»

«አይደለም። ለእሷ ነው። ቃሉ የእሷ ነው።» ዓይናቸውን ገለጡና «እሷ ብትሰድብሽ መልስ አትስጪ» አሉኝ።

ስመኝን ያገኘኋት እዚያው ቡላቅ አል-ዳክሩር፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በምትኖርበት ቤት ነው። ሁሉን ነገርኳት። ፍሬኑን እንዴት እንዳልተረጎምኩት፣ ሱርዓ ብዬ ከራሴ እንደ መለስኩ፣ በሩ ላይ ሲገባኝም ዝም ብዬ እንደ ሄድኩ። አልሰደበችኝም። ሻሿን ፈታ መልሳ አሰረች።

«እና ወረቀቱ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም» አለች።

«አይደለሽም።»

«እንግዲያ ነይ፣ እንሂድ።»

ኃላፊው በአክብሮት ተቀበሉን። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው አዘኑልኝ፤ ወረቀቱን ግን አላወጡም። «ኸላስ፣ አበቃ፣ ተፈርሟል» አሉ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ የሰው ክንድ ተሰብሯል። ፈርማ ስታበቃ ቃሏን ብትቀይር ነዋሪው ምን ይለኛል? ተጎጂዋ ራሳቸው ካላሉ በቀር እኔ አልነካውም።»

«ተጎጂዋን ጠይቀዋቸዋል?» አልኩ።

«አሮጊት ናቸው። ማስቸገር አልፈለግሁም።»

ስለዚህ በማግስቱ ከሰዓት ሐጋ ቤት ሄድን። ሐጋ ሱዓድ በረንዳቸው ላይ፣ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ስመኝን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ክንዴን ሰብራ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ማሌሽ! መሬት ላይ ወድቄ፣ ማሌሽ!»

ለስመኝ ተረጎምኩላት። ግራ ገባት። «ይቅርታ ማለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ሐጋን ፈቃድ ጠየቅሁና የራሴን ቃል ተናገርኩ። እኛ እዚህ አገር ስንመጣ መጀመሪያ የምንማረው ቃል ማሌሽ መሆኑን፣ እመቤቶቻችን ሳህን ሲሰበርብን «ማሌሽ» ስለሚሉን ይቅርታ እንደሚመስለን ነገርኳቸው። የወደቀ ሰው አፍ ላይና የጣለ ሰው አፍ ላይ አንድ እንዳልሆነ ማንም እንዳልነገራት ገለጽኩላቸው። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞርኩ። «ምን ልትያቸው ነበር የፈለግሽው?» አልኳት።

«በደልኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ሐቂክ ዓላያ» አልኩ ለሐጋ። መብትሽ በእኔ ላይ ነው እንደ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ በእነሱ ዘንድ አላውቅም። አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ስመኝን አዩና ወንበር አመለከቷት።

«በፍጥነት ነበር የምትመጣው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «ከልጄ ጋር በስልክ እያወራሁ ከቆመ መኪና ጀርባ ወጣሁ። መኪና ቢሆን እሰማው ነበር። ይህ ነገር እንደ ድመት ነው የሚመጣው። እኔ የተናደድኩት በፍጥነቱ አይደለም፣ በዝምታው ነው። ደግሞ እሷ እኔን ላለመጨፍለቅ ብላ መሪውን ጠምዝዛ ድንጋዩ ላይ ተከሰከሰች። ዳሌዋን አይታችሁላታል?»

ስመኝ ዳሌዋ መቁሰሉን ለማንም አልተናገረችም ነበር። እኔም አልጠየቅኋትም።

«ይህንን ለኃላፊው ነግረዋል?» አልኩ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉና በደህናው እጃቸው ስልኩን አነሡ።

ወረቀቱ ተለወጠ። ኃላፊው በአሮጌው ቃል ላይ መስመር አስምረው «በአስተርጓሚዋ ስህተት» ብለው ስሜን ጻፉበት፤ እኔም ፈረምኩ። መሥሪያ ቤቴ ሁለት ወር ከሥራ አገደኝ። ተገቢ ነበር። ስመኝ ግን «አልተቀየምኩሽም» አለችኝ። ብስክሌቷንና ካርዷን አገኘች፤ ከአራቱ ቤቶች ግን የጠበቃት አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ በዚያ ሳምንት ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ቃል ታርሞ ሥራ አለመታረሙን ያኔ ነው ያየሁት። ሐጋ አስተዳደሩን ወጥረው ይዘው ብስክሌት ሁሉ ደወል እንዲኖረው አስወሰኑ። ሃያው ሃያ ሆኖ ቀረ። መኪኖቹም እንደ ድሮው ይበራሉ።

ጋሽ ይልማ በዚያው ዓመት አረፉ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ እየሄድኩ ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ እነግራቸው ነበር። ሐጋ ብስክሌቱን በድመት መመሰላቸውን ስነግራቸው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከእገዳው ስመለስ ያንኑ ግቢ ጨምሮ ብዙ ቦታ ለብስክሌተኞች ሕጉን እንዳስረዳ ተላክሁ። ሕጉን ከማንበቤ በፊት የራሴን ጥፋት እነግራቸው ነበር። ሰው የሌላውን ሕግ ሲሰማ ያዛጋል፤ የሌላውን ጥፋት ሲሰማ ግን ይነቃል። ቸኩዬ ምን እንዳደረግሁ ከነገርኳቸው በኋላ ስለ ሃያ ኪሎ ሜትር ብዙ መሟገት አልነበረም። «መኪኖቹስ?» የሚለው ጥያቄ ግን በየቦታው ይነሣ ነበር። ጥያቄውን እንዳለ ለኃላፊዎቹ እተረጉምላቸው ነበር።

አሁን ጠዋት የምሄድበት የለኝም። የምትናፍቀኝ፣ ሰው ተናግሮ ጨርሶ ትርጉሙ ሳይመጣ፣ በመካከል ያለችው ያቺ ትንሽ ዝምታ ናት። ሁለት ሰዎች እየጠበቁኝ፣ ሁለቱም አምነውኝ፣ ቃሉን የምፈልግባት።

ስመኝ ባለፈው ሳምንት ወደ አገር ቤት ተመልሳለች። ከመሄዷ በፊት አንድ ዓርብ ቤቴ መጣች። ብስክሌቷን ለአንዲት የጎንደር ልጅ ሸጣ በእግሯ ነው የመጣችው። ለዳንግላ የገዛችውን ጨርቅ አሳየችኝ፣ ስለ እናቷ አወራን። ልትነሣ ስትል ተመልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አልተቀየምኩሽም ብዬሽ ነበር ያኔ» አለች።

«ብለሽኛል።»

«ዋሽቼ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር። ስህተቱን አይደለም። እሱ ለማንም ይደርሳል። በሩ ላይ አይዞሽ ብለሽኝ መሄድሽን ነው።»

ጨርቋን አጥፌ መለስኩላት።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን መንገደኛ ነኝ» አለች። «ቂም ይዞ መንገድ አይወጣም።»

ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አራት ጊዜ፣ እንደ አገሯ። ደረጃውን አብሬያት ወረድኩ። መንገዱ ዳር የሚክሮባሱ ረዳት «ፋይሰል፣ ፋይሰል» ይላል። ልትሳፈር ስትል «ይኸኛው ይለፈን» አልኳት። ከዚያም ሌላ መጣ፤ እሱንም አሳለፍነው። አራት ሚክሮባስ እስኪያልፍ ድረስ ቆመን አወራን።